ዛይሊን ከመጨመርዎ በፊት አልኮሉን ይመርምሩ

ጥያቄ፦ በአንድ የክልል ሆስፒታል የፓቶሎጂ ክፍል የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ከጥቂት ወራት ወዲህ የጡትና የሊምፍ ኖድ ብሎኮቻችን (ቲሹ የተቀበረባቸው የሰም ቁራጮች) መሐላቸው ይለሰልሳል፤ አድረው ሲታዩ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳሉ፤ ማይክሮቶም (ቲሹን በስሱ የሚቆርጥ መሣሪያ) ላይ ስንቆርጣቸው ቲሹው ከሰሙ እየተላቀቀ ይወድቃል። አብሶሉት (ውሃ የሌለው) አልኮል ስለማናገኝ በመጨረሻዎቹ ሦስት ኮንቴይነሮች 96 በመቶ አልኮል እንጠቀማለን። ሪኤጀንት (የኮንቴይነሮቹን ፈሳሽ) የምንቀይረው በየሁለት ሳምንቱ ነው። ከአልኮሉ ቀጥሎ፣ ከሰሙ በፊት የሚመጣውን የዛይሊኑን ሰዓት በእጥፍ ብንጨምረውም መሐሉ አልተሻሻለም፤ እንዲያውም የቲሹው ዳር እየደረቀ መሰነጣጠቅ ጀመረ። ዛይሊኑን የበለጠ እናቆየው ወይስ በሌላ ምትክ እንቀይረው?

ምላሽ፦ ሰዓቱን አይጨምሩ፤ ዓይነቱንም ለጊዜው አይቀይሩ። የዘረዘሩት ምልክት ሁሉ የሚጠቁመው ቲሹው ውስጥ የቀረ ውሃን ነው፤ ውሃን ደግሞ ዛይሊን አያወጣም። ዳሩ ደርቆ መሐሉ መለስለሱ ራሱ ማስረጃ ነው። ዳሩ አልኮል በሚገባ የደረሰው ክፍል ስለሆነ ዛይሊኑን ወዲያው ተቀብሏል፤ ሰዓቱ በእጥፍ ሲጨመር የተጎዳውም እሱ ነው። መሐሉ ግን መጀመሪያውኑ ዛይሊን አልገባበትም፤ ሌሊቱን ሙሉ ቢዘፈዘፍም አይገባበትም።

ሰም ከውሃ ጋር አይዋሃድም። ዛይሊንም ውሃን የሚያሟሟው እጅግ በጥቂቱ ነው። አልኮል ብቻ ከውሃም ከዛይሊንም ጋር ይዋሃዳል፤ ዛይሊን ደግሞ ከአልኮልም ከቀለጠ ሰምም ጋር ይዋሃዳል። የቲሹ ፕሮሰሲንግ በሙሉ የተሠራው በዚህ ቅብብል ላይ ነው፦ ውሃውን አልኮል ይተካዋል፣ አልኮሉን ዛይሊን ይተካዋል፣ ዛይሊኑን ሰም ይተካዋል። አንዱ ተቀባይ የድርሻውን ሳይወጣ ካለፈ ከእሱ በኋላ የሚመጣው ሊያርመው አይችልም። በዚህ ምክንያት ሰም ውስጥ ወይም ማይክሮቶም ላይ የሚታይ ብልሽት ብዙ ጊዜ የተፈጠረው ሦስትና አራት ኮንቴይነር ቀደም ብሎ ነው።

ይህን በዓይን ማየት ይቻላል። ዛይሊን በደንብ የገባበት ቲሹ ብርሃን ያሳልፋል፤ የዛይሊን የብርሃን ስብረት መጠን 1.5 አካባቢ ስለሆነና ይህም ውሃው ከወጣለት የቲሹ ፕሮቲን ጋር ስለሚቀራረብ ነው። ነገ ጠዋት ካሴቶቹን የያዘው ባስኬት ከመጨረሻው ዛይሊን ወደ ሰም ከመሻገሩ በፊት አንድ የጡት ካሴት (ናሙናው ያለበትን ትንሽ ሳጥን) ከፍተው ወደ ብርሃን ያዙት። ዳሩ ቢጫነት ያለው ብርሃን አሳላፊ ሆኖ መሐሉ ነጭና ደብዛዛ ከሆነ ውሃው እዚያው ነው ያለው። ናሙናው አየር ላይ እንዳይደርቅ ቶሎ ይመልሱት። ደም የበዛበት ቲሹ፣ ለምሳሌ ስፕሊን (ጣፊያ)፣ ምንም ቢሆን ጠቆር ብሎ ስለሚታይ ለዚህ ምርመራ አይሆንም።

አሁን ወደ ሦስቱ 96 በመቶ ኮንቴይነሮች እንምጣ። ብዙ ላቦራቶሪዎች «አብሶሉት ባይኖረን ሦስት ጊዜ እናልፍበታለን» ብለው ይጽናናሉ። ቲሹ ግን ከመጨረሻው አልኮል የበለጠ ሊደርቅ አይችልም። ልብስ ሳሙና ባለበት ውሃ ሦስት ጊዜ ቢለቀለቅ በመጨረሻ የሚቀርበት የሦስተኛው ውሃ ሳሙና ነው፤ እዚህም እንደዚያው ነው። ሦስቱም 96 ከሆኑ ቲሹው ቢበዛ 96 ላይ ይቆማል፤ 4 በመቶውን ውሃ ተሸክሞ ወደ ዛይሊን ይገባል። ውሃና ኢታኖል አብረው ስለሚተኑ በተለመደው ዲስቲሌሽን ከ96 እና ከ97 በመቶ ማለፍ አይቻልም፤ አብሶሉት የሚገኘው ተጨማሪ ውሃ የማስወገድ ሥራ ሲሠራበት ብቻ ነው። ዋጋው የሚወደደውም በዚሁ ነው።

ይባስ ብሎ 96 ብለው የሞሉት ከጥቂት ዙር በኋላ 96 ሆኖ አይቆይም። ባስኬቱ ከአንዱ ኮንቴይነር ወደ ሌላው ሲሄድ ፈሳሽ ይዞ ይሻገራል። አንድ ካሴት ከነናሙናው 2 ሚሊ ሊትር ይዞ ይሄዳል እንበል፤ 50 ካሴት 100 ሚሊ ሊትር ነው። ኮንቴይነሩ 2 ሊትር የሚይዝ ከሆነ የመጀመሪያው 70 በመቶ አልኮል ናሙናው ከጸናበት ፈሳሽ 100 ሚሊ ሊትር ፎርማሊን ሲጨመርበት በአንድ ዙር ወደ 67 ገደማ ይወርዳል፤ በ5ኛው ዙር 55 አካባቢ ነው። ከመጨረሻው 96 ደግሞ በየዙሩ ወደ ዛይሊኑ 4 ሚሊ ሊትር ያህል ውሃ ይሻገራል፤ በ10 ዙር 40 ሚሊ ሊትር ይሆናል። ይህ ሁሉ ስሌት አልኮሉ ሲሞላ በትክክል 96 ነበር ብለን ነው። «በየሁለት ሳምንቱ» የሚለው የመቀየሪያ ደንባችሁ የማይሠራውም ለዚህ ነው፤ አልኮሉን የሚያደክመው ቀኑ ሳይሆን ያለፈበት የካሴት ብዛት ነው። ማሽኑ አጠገብ መዝገብ ያስቀምጡና በየዙሩ የካሴቱን ቁጥር ይጻፉ። የመቀየሪያውን ጣሪያ በማሽኑ መመሪያና ከታች በምነግርዎ መለኪያዎች ይወስኑ።

አልኮሉን መለካት ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። የአልኮል ሃይድሮሜትር (ፈሳሹ ላይ ተንሳፍፎ የአልኮሉን መጠን የሚያሳይ መለኪያ) ካላችሁ በየሳምንቱ ሁሉንም ኮንቴይነር ይለኩ፤ መሣሪያው የተሠራው ለ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ስለሆነ ክፍሉ ሞቃት ሲሆን ከእውነተኛው ከፍ አድርጎ ያነባል። ለመጨረሻው አልኮል ደግሞ ውሃ የሌለው ኮፐር ሰልፌት አለ። ሰማያዊው ኮፐር ሰልፌት ሲጠበስ ውሃውን ለቆ ነጭ ዱቄት ይሆናል፤ ውሃ ሲያገኝ ተመልሶ ሰማያዊ ይሆናል። ትንሽ አልኮል በሙከራ ቱቦ ቀድተው ጥቂት ነጭ ዱቄት ጨምሩበት፣ ክዳኑን ገጥማችሁ አወዛውዙት። ዱቄቱ ሰማያዊ ከሆነ ያ አልኮል የመጨረሻ ሊሆን አይገባውም። ሦስተኛው መንገድ ጥቂት አልኮል ዛይሊን ላይ ጠብ ማድረግ ነው፤ ወተት ከመሰለ ብዙ ውሃ አለበት። ይህ ምርመራ ግን የሚያገለግለው በአንድ በኩል ብቻ ነው፦ መደፍረሱ ውሃ መኖሩን ያረጋግጣል፤ ጥርት ማለቱ ግን ደረቅ መሆኑን አያረጋግጥም። የመጀመሪያው የዛይሊን ኮንቴይነራችሁ ራሱ ደፈርሶ ከሆነ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም፤ ዛሬውኑ ይወገድ፣ ከሱ በፊት ያሉት አልኮሎችም ይቀየሩ።

አብሶሉት ኢታኖል ጨርሶ የማይገኝ ከሆነ እኔ የምመርጠው 99 በመቶና ከዚያ በላይ የሆነ ኢሶፕሮፓኖል ነው። ከውሃም፣ ከዛይሊንም፣ ከሞቀ ሰምም ጋር ይዋሃዳል፤ ቲሹንም ከኢታኖል ያነሰ ያጠነክራል። ለመጨረሻዎቹ ሁለት ወይም ሦስት ኮንቴይነሮች እሱን ተጠቀሙ፤ 96ቱ ከፊት ያሉትን ይሙላ። ያም ካልተገኘ 96ቱን ባለ 3 አንግስትሮም ሞለኪውላር ሲቭ ማድረቅ ይቻላል። የዚህ ቁስ ቀዳዳዎች የውሃ ሞለኪውልን ያስገባሉ፣ የኢታኖልን አያስገቡም። በተዘጋ ጠርሙስ አሳድረው፣ ብናኙ ሲዘቅጥ ከላይ ቀድተው፣ በኮፐር ሰልፌት አረጋግጠው ይሙሉ። ሲቩ እንደገና የሚሠራው በ250–300 ዲግሪ ሲደርቅ ስለሆነ አስቀድሞ የቀረው አልኮል በሙሉ በጭስ ማውጫ ሥር መትነን አለበት፤ አልኮል የያዘ ነገር ምድጃ ውስጥ ማስገባት እሳት ማስነሳት ነው። አሴቶንም ውሃ በፍጥነት ያወጣል፤ ነገር ግን ቲሹን ክፉኛ ያኮማትራል፣ በጣምም ይተናል፣ ስለዚህ ክፍት ኮንቴይነር ላለው ማሽን አልመክረውም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ቦታ ሲበላሽ ስለማየው ነው። 70 በመቶ የሚሠራው ከ96 ከሆነ 700 ሚሊ ሊትር ወስዶ 1 ሊትር መሙላት 67 ነው የሚሰጠው። ትክክለኛው 730 ሚሊ ሊትር ወስዶ በተጣራ ውሃ እስከ 1 ሊትር መሙላት ነው። ለ90 ደግሞ 938 ሚሊ ሊትር። የመጀመሪያው አልኮል ከ70 በላይ እንዳይሆንም ይጠንቀቁ። በባፈር የተዘጋጀው ፎርማሊን የፎስፌት ጨው አለበት፤ ጨው በጠንካራ አልኮል አይሟሟም፣ ቲሹው ውስጥና የማሽኑ አካል ላይ ይዘቅጣል። ከዚህም ሌላ ለስላሳ ቲሹ ከፎርማሊን በቀጥታ ወደ ጠንካራ አልኮል ሲገባ ይኮማተራል፤ ደረጃ በደረጃ የምንሄደው ለዚህ ነው።

የእናንተ ማሽን ባለ 12 ጣቢያ፣ 10 ለሪኤጀንት 2 ለሰም የሆነ ዓይነት ከሆነ እንዲህ ብታዘጋጁት እመክራለሁ። በመጀመሪያው ፎርማሊን 1 ሰዓት፤ ከዚያ 70፣ 90 እና 96 በመቶ አልኮል እያንዳንዳቸው 1 ሰዓት፤ ቀጥሎ ሦስት አብሶሉት ወይም ኢሶፕሮፓኖል፣ ሁለቱ 1 ሰዓት ሦስተኛው 1 ሰዓት ተኩል፤ ሦስት ዛይሊን 1 ሰዓት እያንዳንዳቸው፤ በመጨረሻም ሰም፣ አንደኛው 1 ሰዓት ተኩል ሁለተኛው 2 ሰዓት። ድምሩ 14 ሰዓት ነው፤ ከቀኑ 11 ሰዓት የተነሣ ዙር ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ያልቃል። ሰሙ መቅለጫው 56–58 ዲግሪ ከሆነ መታጠቢያው ከ60 እስከ 62 ቢሆን በቂ ነው፤ ከዚያ በላይ ሙቀት ቲሹን ያጠነክራል እንጂ ሰሙን አብልጦ አያስገባም።

ሪኤጀንት ሲቀየር አዲሱ ሁልጊዜ ከኋላ ይግባ። ሦስተኛው አብሶሉት ወደ ሁለተኛ፣ ሁለተኛው ወደ አንደኛ ይዛወር፤ የቀድሞው አንደኛ ይወገድ። ለዛይሊንም እንዲሁ። የጎደለውን እየሞሉ መሄድ መጠኑን ይጠብቃል እንጂ ጥራቱን አይጠብቅም፤ ደካማውን አልኮል አዲስ አስመስሎ ያስቀምጠዋልና አደገኛ ልማድ ነው። አብሶሉት ከአየር እርጥበት ስለሚስብ በተለይ በክረምት ክዳኑ ሳይገጠም አይደር።

እስካሁን ያልኩት በሙሉ የሚሠራው ናሙናው በፎርማሊን በሚገባ ከጸና ነው። የጡት ቲሹ ስብ የበዛበት ነው፤ ፎርማሊን የውሃ መፍትሔ ስለሆነ ስብ ውስጥ ቀስ ብሎ ነው የሚገባው። ትልቅ የጡት ናሙና ሳይከፈል በጠባብ ዕቃ፣ ፎርማሊኑም እምብዛም ሳይሸፍነው ከቀዶ ሕክምና ክፍል ከመጣ መሐሉ ጥሬ ነው። ጥሬው መሐል ፕሮሰሰር (ማሽኑ) ውስጥ ሲገባ የሚያጸናው አልኮል ይሆናል፤ አልኮሉ ውሃ የማውጣት ሰዓቱን እዚያ ላይ ያባክናል። ስላይዱ ላይም ዳሩ ጥርት ያለ ኒውክሊየስ ሲያሳይ መሐሉ የደበዘዘ ይሆናል። ስለዚህ ናሙናው እንደደረሰ በ5–10 ሚሊ ሜትር ልዩነት ተሰንጥቆ ቢያንስ 10 እጥፉ በሚሆን 10 በመቶ በባፈር የተዘጋጀ ፎርማሊን ይዘፍዘፍ። የአሜሪካ ክሊኒካል ኦንኮሎጂ ማኅበርና የአሜሪካ ፓቶሎጂስቶች ኮሌጅ ለጡት ካንሰር የሆርሞን መቀበያና የሄር-2 ምርመራ ከ6 ሰዓት ያላነሰ ከ72 ሰዓት ያልበለጠ ፊክሴሽን (በፎርማሊን ማጽናት) ይጠይቃሉ፤ ስብ ለበዛበት ቲሹ እኔ ከ24 ሰዓት በታች አልወርድም።

ግሮሲንግ (ናሙናው ለካሴት ሲቆራረጥ) ላይ ደግሞ ውፍረቱን ይከታተሉ። ካሴቱ ተጭኖ የሚዘጋ ቁራጭ አልኮል በነፃነት አይዞርበትም። ለተራ ቲሹ 3–4 ሚሊ ሜትር፣ ስብ ላለበት 2–3 ሚሊ ሜትር ይበቃል። ስብን በዋናነት የሚያሟሟው ዛይሊኑ ነው፤ ኢታኖል በስብ ላይ ደካማ ነው። ቁራጩ ወፍራም ሲሆን ስቡ አልኮሉን ወደ ውስጥ እንዳይዘልቅ ያግደዋል፣ ዛይሊኑም ስቡን ሊያወጣ ሲደርስ ውሃ ያገኛል። እናንተ ዘንድ የጡትና የሊምፍ ኖድ ብሎኮች ከሌላው ቀድመው የተበላሹት በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። ውፍረቱን የሚወስነው ሐኪም ከሆነ ይህን ደብዛዛ መሐል ካሴቱ ላይ እንዳለ ያሳዩት፤ ከማንኛውም ደብዳቤ የተሻለ ያስረዳል።

ትንንሽ ባዮፕሲዎች ተቃራኒ ችግር አለባቸው። የኢንዶስኮፒና የመርፌ ናሙናዎች ከትልልቆቹ ጋር 14 ሰዓት ሲያልፉ ከፕሮቲኑ ጋር የተያያዘው ውሃ ሳይቀር ይወጣል፤ ተሰባሪ ይሆናሉ፣ ከማይክሮቶሙ ተያይዞ የሚወጣው ሪበንም ጥቃቅን ስንጥቆች ያሉበት ይሆናል። ለእነሱ አጠቃላይ ሰዓቱ ከ3 እስከ 4 የሚሆን አጭር ፕሮግራም ይበቃል። ማሽኑ አንድ ብቻ ከሆነ በቀን በእጅ ማለፍ ይቻላል። አሁን በእጃችሁ ያሉትን ተሰባሪ ብሎኮች ፊታቸውን ከገለጡ በኋላ በረዶ ውሃ ላይ ለጥቂት ደቂቃ ያስተኙ፤ ቲሹው ትንሽ ውሃ መልሶ ስለሚወስድ ይቆረጣል።

ስለ መብራት አልጠየቁኝም፤ ግን ሳልነካው አላልፍም። ሌሊት መብራት ሲጠፋ የሚሆነው ባስኬቱ የት ላይ እንደቆመ ይወሰናል። ፎርማሊንና 70 በመቶ አልኮል ላይ ማደር ብዙም አይጎዳም። ዛይሊን ላይ ማደር ይጎዳል። ክፉው ደግሞ መብራቱ ሲመለስ ነው፦ ሰሙ ቀዝቅዞ ደርቋል፣ መልሶ ለመቅለጥ ሰዓታት ይፈጅበታል፣ ቲሹው እስከዚያ ዛይሊን ውስጥ ይጠብቃል። ባትሪ የሚገዛበት በጀት ከተገኘ መጀመሪያ ፕሮሰሰሩን ከነሰም መታጠቢያው ያስቡ። እስከዚያው ግን ዘግይቶ የሚነሣ ፕሮግራም ሲያስተካክሉ፣ በተለይ ዓርብ ማታ፣ ጥበቃው ፎርማሊን ላይ ይሁን።

የዛይሊን ምትክ ስለማስገባት ጠይቀዋል። ሐሳቡ ከጤና አንጻር ትክክል ነው፤ ዛይሊን ራስ ምታትና ማዞር ያመጣል፣ በአሜሪካ የሥራ ደህንነት ደንብ ለ8 ሰዓት የሥራ ቀን የተፈቀደው ጣሪያ በአየር ውስጥ ከሚሊዮን 100 ክፍል ነው። ነገር ግን አሊፋቲክ ሃይድሮካርቦንም ሆነ ሊሞኒን ያለባቸው ምትኮች ውሃን ከዛይሊን ባነሰ ነው የሚታገሡት። ዛሬ ባለው አልኮል ብትቀይሩ ብሎኩ ይብሳል፤ ጥፋቱም በምትኩ ላይ ይሳበባል። አልኮሉን ካስተካከላችሁ በኋላ ሞክሩት። እስከዚያ ክፍሉ የአየር ማስወጫ ይኑረው፣ ነፍሰ ጡር ባልደረባ ካለች ከሪኤጀንት መቀየር ሥራ ትውጣ፣ ያለቀ ዛይሊንም ተለይቶ ይጠራቀም እንጂ በፍሳሽ መስመር አይደፋ።

አሁን መደርደሪያ ላይ ያሉት ብሎኮች ይቀራሉ፤ እያንዳንዳቸው ሁለተኛ ሊወሰድላት የማይችል ናሙና የሰጠች ታካሚ ናቸውና አይጣሉ። መጀመሪያ፣ ከዳሩም ቢሆን ሊቆረጥ የሚችል ነገር ካለ አንድ ስላይድ አውጡ፤ ለምርመራው እሱ ሊበቃ ይችላል። ከዚያ ብሎኩን 60 ዲግሪ ሰም ላይ አቅልጡ፣ ቲሹው ላይ የቀረውን ሰም በወረቀት ጥረጉለት፣ በንጹሕ ዛይሊን ሁለት ጊዜ እያንዳንዳቸው 1 ሰዓት ገደማ አስቀምጡት፤ ሰሙ መውጣት አለበት። ቀጥሎ አዲስ አብሶሉት ወይም ኢሶፕሮፓኖል ሁለት ጊዜ፣ ወፍራም ከሆነ አንዱ ረዘም ይበል፤ ወፍራሙን እዚህ ላይ ለሁለት መክፈል ይቻላል፣ ፓቶሎጂስቱን ጠይቃችሁ። ከዚያ አዲስ ዛይሊን፣ እስኪጠራ፤ ካልጠራ ተመልሳችሁ አልኮል፣ ወደ ሰም ግን እንዳትሻገሩ። ሲጠራ ሁለት ንጹሕ ሰም፣ ከዚያ ኢምቤዲንግ (በሰም ብሎክ መቅበር)።

እንደገና የታለፈ ብሎክ መሆኑን በመዝገቡና በመጠየቂያ ወረቀቱ ላይ ጻፉ፤ በኋላ ኢሚዩኖሂስቶኬሚስትሪ (በፀረ እንግዳ አካል የሚሠራ የቀለም ምርመራ) ሲሠራበት ደካማ ቀለም ከታየ ፓቶሎጂስቱ ይህን ማወቅ አለበት። ብሎኩ ጠንክሮ ተቆርጦም ስላይዱ መሐሉ ላይ አሁንም ደብዛዛ ኒውክሊየስ ካሳየ ያ የፊክሴሽን ጉዳት ነው፤ በአልኮል አይመለስም፣ ለሚቀጥለው ናሙና ፎርማሊኑንና ሰዓቱን ከቀዶ ሕክምና ክፍሉ ጋር መነጋገር ይኖርባችኋል።